ያለ ቃል ትውውቅ

ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎች በአንድ ቡድን ሲመደቡ አማርኛ የሚቀናው ይናገራል፣ ሌላው ዝም ይላል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከጋሞ የመጡ ሠራተኞችን ስላገናኘ ጉዳዩ ለከተማችን እንግዳ አይደለም።

እኛም ለተግባር ልምምድ ቱላ የወጣን ቀን፣ ሥራ ከመጀመራችን በፊት፣ አንድን ሥራ ያለ ቃል በእንቅስቃሴ ብቻ አሳይቶ የማስገመት ጨዋታ ተጫወትን። እስከዚያ ብዙም ያልተናገረችው የሲዳማ ልጅ መሬት ተቀመጠች፤ አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ በተረከዟ የሆነ ነገር እንደያዘ ሰው በእጇ ወደ ታች ትፍቅ ጀመር። እኔ «ልብስ እያጠበች ነው!» አልኩ። ለካስ እንሰት እየፋቀች ኖሯል! ሳቅን፤ እሷ ግን ዋሳ እንዴት እንደሚዘጋጅ ከሥሩ አስረዳችን።

እንግዲህ ምልክትም እንደ ቋንቋ ከአካባቢ ይወለዳል ማለት ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሲካሄድ፦
1ኛ. ሁሉም ከቤቱ የሚያውቀውን ሥራ ይምረጥ፤
2ኛ. በማንም ብሔር አነጋገር ወይም አለባበስ አይቀለድ፤
3ኛ. ከግምቱ በኋላ ያሳየው ሰው ራሱ ያብራራ።

ዋናው ትውውቅ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። በማግስቱ ገበሬዎችን ልናነጋግር ስንሄድ ያዘጋጀኋቸውን ጥያቄዎች አሳየኋት፤ ግማሹን ሰረዘችልኝ።