የትምህርት ጥንካሬና የተማሪ ጫና፦ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የምዘና ደንብ የሚኖረው ድርሻ

ጠንካራ ትምህርት እየሰጠ ተማሪውን ከልክ በላይ የማያስጨንቅ ኮሌጅ ማግኘት ይቻላልን? ወደ አሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክቱ ተማሪዎችና አማካሪዎቻቸው የዚህን ጥያቄ መልስ ብዙውን ጊዜ ከተቋማት ዝናና ከደረጃ ሰንጠረዦች ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ የተማሪ ጫና የሚመነጨው ከትምህርቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን ውጤት ከሚሰጥበት ደንብም ጭምር ነው፤ ደንቡ ደግሞ ከምዝገባ በፊት ተነብቦ ሊመረመር የሚችል ሰነድ ነው።

የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተሞክሮ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ዩኒቨርሲቲው የውጤት ግሽበትን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ2004 ባጸደቀው መመሪያ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ኮርሶች የሚሰጠው የ«ኤ» ደረጃ ውጤት ከ35 በመቶ እንዳይበልጥ ለትምህርት ክፍሎች ግብ አስቀመጠ። ግቡ ኮታ እንዲሆን የታሰበ ባይሆንም በብዙዎች ዘንድ እንደ ኮታ ተወሰደ። መመሪያውን የመረመረው ኮሚቴ በ2014 ባቀረበው ሪፖርት፣ ተማሪዎች ለውስን ሀብት የሚሻሙ ያህል እንዲሰማቸው በማድረግ ጭንቀት መጨመሩን አመለከተ። በዚያው ዓመት የመምህራን ጉባኤ አሃዛዊውን ግብ በድምፅ ሰረዘ። ለጫናው ምክንያት የተባለው የኮርሶቹ ክብደት ሳይሆን የአንዱ ስኬት የሌላው ኪሳራ መስሎ መታየቱ ነበር።

በተቃራኒው፣ የትምህርት ጥንካሬው የማያጠያይቀው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በመጀመሪያው ሴሚስተር የአዲስ ተማሪዎችን ውጤት በፊደል አይመዘግብም። «ሲ» እና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ «አለፈ» ተብሎ ይመዘገብለታል፤ ያላለፈው ኮርስ ደግሞ ለውጭ አካላት በሚላከው ትራንስክሪፕት ላይ አይሰፍርም። ብራውን ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1969 ባጸደቀው ክፍት ሥርዓተ ትምህርት፣ ተማሪዎች ኮርሶችን ያለ ፊደል ውጤት የመውሰድ ምርጫ እንዲኖራቸው ፈቀደ። በሁለቱም ዘንድ ደንቡ ተማሪው ባልለመደው የትምህርት መስክ ራሱን እንዲፈትን ያደፋፍረዋል፤ የሚጠበቅበትን ዕውቀት ግን አይቀንስለትም።

የምዘና ደንብ ለብቻው በቂ መለኪያ እንዳልሆነ የሚያስረዳው የሪድ ኮሌጅ አሠራር ነው። ኮሌጁ ውጤት ቢመዘግብም፣ ተማሪው ካልጠየቀ ወይም ውጤቱ ከሚፈለገው በታች ካልሆነ በስተቀር የፊደል ውጤቱን አያሳውቀውም፤ በምትኩ ተማሪዎች የመምህራንን ዝርዝር አስተያየት ይቀበላሉ። ያም ሆኖ እያንዳንዱ ተማሪ በሦስተኛው ዓመት የብቃት ፈተና ማለፍ፣ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ማዘጋጀት ይጠበቅበታል። የፉክክር ጫና ሊለዝብ ይችላል፤ የሥራው ብዛት ግን ባለበት ይቆያል።

ስለዚህ ኮሌጅ መራጩ ሁለቱን የጫና ምንጮች ለይቶ ማየት ይኖርበታል። ለዚህም ሦስት ጥያቄዎች ይጠቅሙታል፦ ውጤት የሚሰጠው በቋሚ መለኪያ ነው ወይስ ተማሪዎችን እርስ በርስ በማነጻጸር? በመጀመሪያው ዓመት የወደቀ ኮርስ በትራንስክሪፕት ላይ ለዘለቄታው ይቀራልን? ተማሪው ከገባ በኋላ ተፈላጊ የትምህርት ክፍል ለመቀላቀል ዳግም መወዳደር ይኖርበታልን? የእነዚህ መልሶች በተቋማቱ የትምህርት ደንቦችና በየትምህርት ክፍሉ የመግቢያ መስፈርቶች ውስጥ ይገኛሉ። ጫናን መቀነስ ትምህርትን ማላላት ነው የሚለው ግምትም ከላይ በተጠቀሱት ተቋማት ተሞክሮ አይደገፍም።