የሕፃናት ሞት፤ በየአገሩ ክፍልና በወንድና በሴት መካከል ስላለው ልዩነት

የሕፃናት ሞት የሚለካው በሕይወት ከተወለዱት 1,000 ሕፃናት ውስጥ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱትን በመቁጠር ነው። በዚህ መለኪያ በኢትዮጵያ በ2000 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት 166 የነበረው ቁጥር፥ በ2016 ጥናት ወደ 67 ዝቅ ብሏል። በኬንያም በ2014 52 የነበረው በ2022 41 ሆኗል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የአገር ሁሉ ድምር የአንዱን መንደር ኀዘን ሊሰውር ስለሚችል፥ ቁጥሩን ከፍሎ መመልከት ያስፈልጋል።

1ኛ፤ በየስፍራው ስላለው ልዩነት። የ2016ቱ ጥናት የቀደሙትን ዐሥር ዓመታት ይዞ በየክልሉ ሲያሰላ፥ በአዲስ አበባ 39፥ በሶማሌ 94፥ በአፋር 125 ሆኖ ተገኝቷል። በኬንያም በ2014ቱ ጥናት የማዕከላዊው ክፍል 42 ሲሆን፥ በቪክቶርያ ሐይቅ ዳር ያለው ወባ የሚበዛበት ኒያንዛ 82 ነበር። ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። የጤና ጣቢያ ሲርቅ፥ ንጹሕ ውሃ ሲታጣ፥ ድርቅ ከብቱን ፈጅቶ ወተት ሲጠፋ፥ የሳንባ ምች፥ ተቅማጥና ኩፍኝ ይበረታሉ። ከብቱን ተከትሎ የሚዘዋወር ቤተ ሰብ ደግሞ ክትባት በሚሰጥበት ቀን በስፍራው ላይገኝ ይችላል።

2ኛ፤ በወንድና በሴት መካከል ስላለው ልዩነት። በአብዛኛው ዓለም ወንዶች ሕፃናት ከሴቶች ይልቅ በብዛት ይሞታሉ፤ ይልቁንም በመጀመሪያው ወር። ያለ ጊዜው የተወለደ ወንድ ሳንባው ከሴቷ ዘግይቶ ይጠነክራል፤ በሽታን የመከላከል ኃይሉም አነስ ይላል። ስለዚህ ሴቶች ልጆች ከወንዶች እኩል ወይም በበለጠ ቁጥር የሚሞቱበት አገር ቢገኝ፥ ተፈጥሮ የሰጠቻቸውን ብልጫ የሰው አድልዎ እንደ ነጠቃቸው ያመለክታል። በሕንድ አገር ለብዙ ዘመን የታየው ይኸው ነው። በአንድ ቤት የታመመው ወንድ ወዲያው ወደ ሐኪም ተወስዶ፥ የታመመችው ሴት «ነገ ይሻላት ይሆናል» ተብላ ከቆየች፥ ልዩነቱ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

3ኛ፤ ስለ ሞያሌና ስለ ኦዳ። ሞያሌን ድንበር ከሁለት ይከፍላታል፤ ኦዳ የምትገኘው በኬንያ በኩል፥ በማርሳቢት ካውንቲ ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 760/2012 ልደት በ90 ቀን፥ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዝዟል፤ ሥራውም በ2016 ተጀምሯል። በኬንያም ከቤት የሚደርሰው ልደትና ሞት በረዳት ቺፉ በኩል ይመዘገባል። ሆኖም ከድንበር ወዲህ ተወልዶ ከድንበር ወዲያ የሚቀበር ሕፃን፥ ወላጆቹ ካላስታወቁ፥ ከሁለቱም መዝገብ ሊቀር ይችላል።

ስለሆነም ወላጆች፥ የሰፈር ሽማግሌዎችና አዋላጆች የሕፃኑን ፆታ፥ ዕድሜ፥ የተወለደበትንና የሞተበትን ስፍራ ሳያዘገዩ ሊያስታውቁ፥ ሹማምንትም ወንድና ሴቱን፥ መንደር ከመንደሩ ለይተው ሊጽፉ ይገባል። በመዝገብ ያልገባ ሕፃን መድኃኒት፥ ክትባትና የውሃ ጉድጓድ በሚመደብበት ጊዜ አይታሰብምና።