የግዕዝ ግስ እርባታና የጥንት ግብፅ ግስ

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ተራሮች የሚወርደው ውሃ መንገዱ ቢለያይም መድረሻው ዓባይ ነው፤ ዓባይም ግብፅ ይደርሳል። በእነዚሁ አገሮች የቅኔ ተማሪ በየኔታ ፊት ቁጭ ብሎ የሚያረባው ግስም ከጥንቱ የግብፅ ቋንቋ ጋር ዝምድና አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዝምድናውን በምሳሌ መግለጥና ለእኛ ለተማሪዎች ምን ጥቅም እንዳለው ማመልከት ነው።

ጋይንት በአገራችን የትምህርት ታሪክ የታወቀ ስፍራ ነው። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ናቸው። ዜማውን የሚያጠናው ተማሪ የቃሉን ምሥጢር ለማወቅ ቅኔ ቤት ይገባል፤ በዚያም አስቀድሞ የሚማረው ግስ ነው። ሊቃውንቱ ግሶችን ሁሉ በስምንት አርእስት ይመድባሉ፤ እነርሱም ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ ናቸው። እያንዳንዱ ግስ በ10ሩ መራሕያን ይዘረዘራል፣ በ5ቱ አዕማድ ይወጣል፣ ደግሞም ኀላፊ፣ ትንቢት፣ ዘንድና ትእዛዝ ይሆናል። ነገረ ያለው ተማሪ ይነግር (ይነግራል)፣ ይንግር (ይነግር ዘንድ፣ ይንገር) እያለ ይወርዳል።

አሁን ወደ ግብፅ እንሻገር። የግብፅ ቋንቋ የግዕዝ ወንድም ሳይሆን የአጎት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የሴም ቋንቋዎች፣ የኩሽ ቋንቋዎች (እንደ አገውና ኦሮምኛ ያሉት)፣ በርበርና ጥንታዊው ግብፅኛ ሁሉ የአንድ ታላቅ ቤተ ሰብ አባላት ናቸው። ፈረንሳዊው ሻምፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1822 የግብፅን የሥዕል ጽሕፈት ምሥጢር ሲገልጥ የረዳው የቅብጥ ቋንቋ ነበር፤ ይኸውም የፈርዖኖቹ ቋንቋ የመጨረሻ መልኩ ሲሆን፣ ለኢትዮጵያ ጳጳሳት ትልክ የነበረችው የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴዋ የምትጠቀምበት ነው።

1ኛ፤ ግዕዝ «ነገርኩ» ሲል ዐረብኛ ግን ለዚሁ መደብ መድረሻውን «ቱ» ያደርጋል፤ «ከተብቱ» (ጻፍሁ) እንደሚለው። ጥንታዊው ግብፅኛ የሚስማማው ከግዕዝ ጋር ነው፤ ኹነትን የሚገልጠው ግሱ ለ«እኔ» መድረሻው «ክ» ነው። ይህን የእርባታ ዐይነት ጀርመናዊው አዶልፍ ኤርማን እ.ኤ.አ. በ1889 ለይቶ አሳወቀ፤ ከሴም ቋንቋዎች ግስ ጋርም አነጻጸረው።

2ኛ፤ በግብፅኛ የተለመደው እርባታ በግሱ መጨረሻ ላይ የባለቤትነት ዝርዝር መጨመር ነው። «ስጅም» መስማት ነው፤ «ስጅምክ» አንተ ትሰማለህ፣ «ስጅምን» እኛ እንሰማለን ይሆናል። «ፕር» ቤት ነውና «ፕርክ» ቤትህ፣ «ፕርን» ቤታችን ነው። ይህን ለሚያነብ የቅኔ ተማሪ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በግዕዝ ቤትከ፣ ቤትነ እንደሚል ሁሉ በቦዝ አንቀጽ ነጊረከ፣ ነጊረነ ይላልና፤ ይህም በአማርኛ ነግረህ፣ ነግረን ማለት ነው። ግሱ እንደ ስም ሆኖ «የአንተ መንገር» እንደማለት ነው።

3ኛ፤ ማስደረግን ለማመልከት ግብፅኛ በግሱ ራስ ላይ «ስ» ይጨምራል፤ «ዕንኅ» ኖረ ሲሆን «ስዕንኅ» አኖረ፣ ሕይወት ሰጠ ማለት ነው። እኛም በአማርኛ ነገረ ብለን አስነገረ እንላለን፤ በግዕዝ «አስተ» ውስጥም ይኸው «ስ» ይገኛል።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ግብፃውያን በጽሕፈታቸው አናባቢ አያሳዩም ነበር። ይነግርና ይንግር ያለ አናባቢ ቢጻፉ ሁለቱም ይ-ን-ግ-ር ብቻ ይሆናሉ፤ ትንቢቱን ከዘንድና ከትእዛዝ የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። የእኛ ፊደል በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ዒዛና ዘመን፣ አናባቢ ስለ ተጨመረለት ከዚህ ጭንቅ ድነናል። የግብፅ ሊቃውንት ግን አንዱን «ስጅምፍ» (እርሱ ይሰማል) የሚለውን አጻጻፍ ስንት ዐይነት ግስ እንደ ሆነ ለመለየት ብዙ ዘመን ደክመዋል። «ምርፍ» (እርሱ ይወዳል) የሚለው ግስ አንዳንድ ጊዜ «ምርርፍ» ተብሎ በድርብ «ር» መጻፉም አከራካሪ ነበር።

በዚህ ረገድ መንገድ የከፈተው በኢየሩሳሌም ያስተምር የነበረው ሃንስ ያኮብ ፖሎትስኪ (1905–1991) ነው። እርሱ የግብፅኛና የቅብጥ ሊቅ ብቻ ሳይሆን የኢትዮጵያ ቋንቋዎችም ተመራማሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ ጉራጌ ቋንቋ ሰዋስው ጽፎ አሳትሟል። በ1944 ባወጣው ጥናቱ እነዚህ ልዩ ግሶች ክብደቱን ከግሱ አንሥተው ጊዜውን ወይም ቦታውን ለሚገልጠው ቃል እንደሚሰጡ አስረዳ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት አሳቡን በብዙ ቢያሻሽሉትም ለጥናቱ መሠረት ሆኖ ቆይቷል። ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል ነው፤ «ትናንት መጣ» እና «የመጣው ትናንት ነው» አንድ እንዳልሆኑ የእስቴ እረኛም ያውቃል።

ውድ አንባብያን፤ ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ግስን በቃሉ የሚያወርድ፣ መልኩን ከመልክ የሚለይና ምሥጢሩን ከዐረፍተ ነገሩ የሚያወጣ ተማሪ የጥንት ቋንቋዎችን ለመመርመር ግማሽ መንገድ ተጉዟል። ነገር ግን ለብዙ ዓመት በቅኔ ቤት የደከመ ወጣት ወደ ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ዕውቀቱ እንዳልተማረ ሆኖ ሲቈጠር ይታያል። ይህም ለእርሱ ጉዳት፣ ለትምህርትም ኪሳራ ነው። የውጭ አገር ሊቃውንት የእኛን ቋንቋዎች ተምረው ግብፅን ሲመረምሩ፣ ባለቤቶቹ በቅኔ ቤት ደጃፍ ብቻ መቅረት የለብንም። ስለዚህ ከቅኔ ቤት የመጣ ጓደኛ ያለን ሁሉ አጠገቡ ተቀምጠን ግስ እንማር፤ እርሱም የሩቁን ቋንቋ ሰዋስው ከእኛ ጋር ያንብብ። የየኔታ እርባታና የዩኒቨርሲቲው መጽሐፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ የግብፅን ግስ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የማይነሣበት ምክንያት አይኖርም።