ሠላሳ ስምንቱ ምስክሮች
የወንጀል ወሬን ስለ መስማትና ስለ መናገር የቀረበ ጥናት



«ሰው ተገደለ» የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ጆሮውን የማይሰጥ ሰው ጥቂት ነው። በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያለው ወሬ ከገበያ ወደ ገበያ በሰው አፍ ይዘዋወር ነበር። ቀጥሎም ጋዜጣና ራዲዮ ተቀበሉት። ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ፣ ምስልና ድምፅ ተጨምሮበት፣ የሟች ቤተሰብ መርዶውን ሳይሰማ ባሕር ተሻግሮ ይደርሳል። በዚህ ጥናት የወንጀል ወሬ ስለምን እንደሚስበን፣ በሰው ልቡና ውስጥ ምን እንደሚሠራና በነማን ላይ ቁስል እንደሚያደርስ እንመለከታለን። ለዚህም ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን፣ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በተሳሳተ መልክ የተነገረውን አንድ የወንጀል ታሪክ በምሳሌነት እንወስዳለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የወንጀል ወሬ ስለምን ይስበናል?

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልስ አንዱ ራስን የመጠበቅ ፍላጎት ነው። አማንዳ ቪካሪና ክሪስ ፍሬሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት፣ የእውነተኛ ወንጀል ታሪኮችን ከወንዶች ይልቅ ሴቶች አብልጠው እንደሚመርጡ አሳይተዋል። በተለይም መጽሐፉ ከገዳይ እጅ የሚመለጥበትን ዘዴ የሚናገር ሲሆን የሴቶቹ ምርጫ ይበልጥ ወደ እርሱ ያዘነብል ነበር። እንግዲህ ስለ ክፉ ነገር ለመስማት መፈለግ ብቻውን ክፋት አይደለም። የሚፈራ ሰው የሚፈራውን ነገር ማወቅ ይሻል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሌላ፣ እምብዛም የማናስተውለው ምክንያት አለ። ገዳዩን ስንኮንን፣ ዝም ብሎ ያየውንም ስንወቅስ፣ እኛ ከነርሱ የተለየን ሆነን ይታየናል። «እኔ ብሆን ኖሮ እንዲህ አላደርግም ነበር» ማለት ለሰሚው ደስ የሚል፣ ዋጋም የማያስከፍል ፍርድ ነው። ቀጥሎ የምንተርከው ታሪክ ያን ያህል የተወደደው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

፪. ታሪኩ እንደ ተነገረው

መጋቢት 13 ቀን 1964 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በኒውዮርክ ከተማ በኩዊንስ ክፍል፣ ኪው ጋርደንስ በተባለው ሠፈር፣ ካተሪን ጄኖቬዝ የተባለች የ28 ዓመት ወጣት ከሥራ ወደ ቤቷ ስትመለስ በስለት ተወግታ ተገደለች። ወዳጆቿ ኪቲ ብለው ይጠሯት ነበር። ገዳይዋ ዊንስተን ሞዝሊ የተባለ፣ ከዚያ በፊት የማያውቃትና ምንም ጠብ ያልነበረው ሰው ነው።

በማግሥቱ ኒውዮርክ ታይምስ ስለ ግድያው አራት አጫጭር አንቀጾች ብቻ አወጣ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን የከተማው ፖሊስ ኮሚሽነር የጋዜጣውን አዘጋጅ ኤብ ሮዘንታልን በምሳ ላይ አግኝተው፣ ሠላሳ ስምንት ሰዎች ግድያውን እንዳዩ ነገሯቸው። መጋቢት 27 ቀን ጋዜጣው በፊት ገጹ አዲስ ዘገባ ይዞ ወጣ። ዘገባውም ሠላሳ ስምንት የተከበሩ ዜጎች ገዳዩ ሴቲቱን ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ሲወጋ ከግማሽ ሰዓት በላይ በመስኮታቸው እንደ ተመለከቱ፣ በዚያን ጊዜ አንዳቸውም እንኳ ለፖሊስ እንዳልደወሉ የሚያትት ነበር።

ይህ ዜና ዓለምን አናወጠ። በሰባክያን ስብከት፣ በመማሪያ መጻሕፍት፣ በፖለቲከኞች ንግግር ሁሉ የዘመናዊ ከተማ ሰው ልብ መደንደኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሆኖ ተጠቀሰ። «ሠላሳ ስምንት» የሚለው ቍጥርም ከሟችዋ ስም ጋር የማይለያይ ሆነ።

፫. ታሪኩ እንደ ተፈጸመው

ዓመታት ካለፉ በኋላ የሠፈሩ ነዋሪ የሆነ አንድ የሕግ ባለሙያና ሌሎች ተመራማሪዎች የፍርድ ቤቱን መዝገብ ገልጠው መረመሩ። በ2007 ሦስት እንግሊዛውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ባሳተሙት ጥናት፣ ሠላሳ ስምንት ሰዎች ቆመው ግድያውን ተመልክተዋል ለማለት የሚያስችል ማስረጃ እንዳልተገኘ ገለጹ። ጥቃቱ የተፈጸመው ሦስት ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ጎረቤት በመስኮቱ ሆኖ በገዳዩ ላይ ስለ ጮኸበት ገዳዩ ሸሸ። ኪቲም ተነሥታ እየተንገዳገደች ወደ ሕንጻው ጀርባ ሄደች። ከጎዳናው በኩል ሆኖ የሚያያት ሰው አደጋው ያበቃ ሊመስለው ይችል ነበር። ሁለተኛውና የሞቷ ምክንያት የሆነው ጥቃት የተፈጸመው ገዳዩ ተመልሶ ፈልጎ ካገኛት በኋላ፣ በሕንጻው ጀርባ ባለ ጠባብ መግቢያ ውስጥ፣ አብዛኛው ጎረቤት ሊያየው በማይችልበት ስፍራ ነበር። ብዙዎች የሰሙት በብርድ ሌሊት፣ በእንቅልፍ ልባቸው፣ በተዘጋ መስኮት ውስጥ ያለፈ ጩኸት ብቻ ነው።

ይህን ስንል በዚያች ሌሊት ጥፋት አልነበረም ማለታችን አይደለም። አንድ ጎረቤት በሩን ከፍቶ የሚሆነውን ካየ በኋላ መልሶ ዘጋው። ፈርቶም ነበርና አስቀድሞ ወደ ወዳጆቹ ደወለ፤ ለፖሊስ የተነገረውም ዘግይቶ ነው። ነገር ግን ሶፊያ ፋራር የተባለች ሌላ ጎረቤት ነበረች። ይህች ሴት የኪቲን መጠቃት በሰማች ጊዜ ገዳዩ በዚያ ይኑር አይኑር ሳታውቅ በደረጃው ሮጣ ወረደች፤ በደም የተነከረችውንም ወዳጅዋን በክንድዋ አቅፋ እርዳታ እስኪመጣ ድረስ አጽናናቻት። ከስድስት ቀን በኋላ ደግሞ ሞዝሊ ከአንድ ቤት ቴሌቪዥን ሰርቆ ሲያወጣ ሁለት ሰዎች ተጠራጠሩት። አንዱ ለፖሊስ ሲደውል ሌላው መኪናው እንዳይነሣ አደረገበት። እንግዲህ በጎረቤት ግዴለሽነት ምሳሌነት የሚጠቀሰው ወንጀለኛ የተያዘው በጎረቤት ትጋት ነው። ይህ ግን እንደ ሠላሳ ስምንቱ ወሬ አልተሰራጨም።

ሞዝሊ በ2016 በ81 ዓመቱ በእስር ቤት በሞተ ጊዜ፣ ኒውዮርክ ታይምስ ራሱ የቀድሞ ዘገባው የምስክሮቹን ቍጥርና ያዩትን ነገር እንዳጋነነ አምኖ ጻፈ። ከግድያው እስከዚያ 52 ዓመታት አልፈዋል።

፬. የሥነ ልቡና ምርምር ምን አስተማረ?

የተሳሳተው ዘገባ አንድ መልካም ነገር አስከትሏል። ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በወሬው ተነሣሥተው ታዋቂ ፈተና አደረጉ፤ በ1968ም አሳተሙት። ተማሪዎችን እየለያዩ በየክፍሉ አስቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ እንዲነጋገሩ ካደረጉ በኋላ፣ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ በሚጥል በሽታ የተያዘ መስሎ የእርዳታ ጩኸት እንዲያሰማ አደረጉ። የበሽተኛውን ድምፅ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካሰቡት ተማሪዎች መካከል ጩኸቱ ሳያበቃ ለእርዳታ የተነሡት 85 በመቶ ነበሩ። ሌሎች አራት ሰዎች ሰምተዋል ብለው ካሰቡት መካከል ግን 31 በመቶ ብቻ ተነሡ።

ሊቃውንቱ ይህን ነገር የኃላፊነት መበታተን ብለውታል። ሸክሙ በብዙ ሰው ትከሻ ላይ ሲከፈል እያንዳንዱ ሰው «ሌላው አድርጎት ይሆናል» ይላል። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ያልተነሡት ተማሪዎች ልበ ደንዳና አልነበሩም። ፈታኙ ወደ ክፍላቸው በገባ ጊዜ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ታይቷል፤ «በሽተኛው ዳነ ወይ?» ብለውም ይጠይቁ ነበር። የጎደላቸው ርኅራኄ ሳይሆን ውሳኔ ነው።

በሌላ በኩል ሰው ሁልጊዜ አይቶ ዝም ይላል ማለት ስሕተት ነው። በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች በእንግሊዝ፣ በኔዘርላንድና በደቡብ አፍሪካ ከተሞች በጎዳና ካሜራዎች የተቀረጹ 219 ጠቦችን መርምረው ነበር። ከአሥሩ በዘጠኙ ያህል ቢያንስ አንድ መንገደኛ ጣልቃ ገብቶ ለመርዳት ሞክሯል። እንግዲህ ምእመናንን «ሰው ሁሉ ጨካኝ ሆኗል» ብሎ ማስተማር እውነትም አይደለም፤ አይጠቅምምም። ሌላው አይረዳም ብሎ ያመነ ሰው እርሱም ለመርዳት ይሰንፋልና።

፭. በወሬው የቆሰሉት

ወንጀል አንድ ጊዜ ይፈጸማል፤ ወሬው ግን በተነገረ ቍጥር ቁስሉን ይቀሰቅሳል። የኪቲ ወላጆችና አራት ታናናሾችዋ ሐዘናቸው የዓለም መነጋገሪያ ሲሆን ስለ እርስዋ መናገር አቃታቸው። ስሟ በአደባባይ ሲነሣ በቤት ውስጥ ግን ዝምታ ሰፈነ። የሕይወቷ 28 ዓመታት ተረስተው የሞቷ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቀረ። በዚያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ የነበረው ወንድሟ ቢል፣ እንደ ሠላሳ ስምንቱ ዝም ብሎ ተመልካች ላለመሆን ካለው ጽኑ ፍላጎት የተነሣ በባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ተመዝግቦ ወደ ቬትናም እንደ ዘመተ ተናግሯል። በዚያም ሁለት እግሮቹን አጣ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የእኅቱን ታሪክ ራሱ ሊመረምር ተነሣ፤ ይህም በ2015 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ቀርቧል። እኅቱ በወዳጅ ክንድ ላይ ሆና እንደ ተሸኘች፣ ብቻዋንም እንዳልነበረች ያወቀው ያን ጊዜ ነው። እናቱ ይህን ሳታውቅ ኖራ ሳታውቅ ሞታለች።

የገዳዩ ቤተሰብም አልተረፈም። በዚያው ፊልም የሞዝሊ ልጅ ከቢል ጋር ተገናኝቶ ሲነጋገር፣ የሟችዋ ቤተሰብ በዚሁ ስም ከሚጠራ የማፊያ ቡድን ጋር ይዛመዳል ብሎ ይፈራ እንደ ነበር ታውቋል። ይህም ሐሰት ነው። የሠፈሩም ሰዎች፣ ከሞት የቀሰቀሳቸውን ድምፅ እንኳ ያልሰሙት ጭምር፣ «ያ የጨካኞች ሠፈር» ተብለው ተጠቆሙ።

የተረሳችም አለች። ከኪቲ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በዚያው በኩዊንስ አኒ ሜይ ጆንሰን የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ተገድላ ነበር፤ የገደላትም እርሱ መሆኑን ሞዝሊ ተናዝዟል። ስለ እርስዋ ዓለም አልተንቀጠቀጠም፤ ስሟንም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ወሬ ለአንዱ ሟች ሲያለቅስ ሌላውን ያለ ለቅሶ ይቀብራል።

፮. የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና የእኛ ልማድ

በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ስምንተኛውን ትእዛዝ ሲያብራራ (ቍ. 2477) የባልንጀራን ስም የሚጎዱ ሦስት በደሎችን ይለያል። ያለ በቂ ማስረጃ የባልንጀራን ጥፋት እውነት አድርጎ መቀበል ችኩል ፍርድ ነው። የሌላውን እውነተኛ ጥፋት ያለ በቂ ምክንያት ለማያውቀው ሰው መግለጥ ሐሜት ነው። በሐሰት ስምን ማጕደፍ ደግሞ ስም ማጥፋት ነው። ስለ ሠላሳ ስምንቱ ወሬውን ያወሩ ብዙዎች ክፋት አላሰቡም፤ እንዲያውም መልካም ትምህርት የሰጡ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን መልካም ትምህርት በሐሰተኛ ምስክርነት ላይ ሊታነጽ አይችልም።

ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ በተናገረው ምሳሌ ውስጥም ወንጀል አለ። ወንበዴዎቹ ግን በአንድ ቃል ተጠቅሰው ያልፋሉ፤ መልካቸውና አሳባቸው አይተረክም። ምሳሌው በዝርዝር የሚዘገየው በቁስሉ፣ በዘይቱ፣ በወይኑ፣ በማደሪያ ቤቱና በወጪው ላይ ነው። የዛሬ የወንጀል ተራኪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ገዳዩን ባለታሪክ ያደርጉታል፤ የቆሰለውን በመንገድ ዳር ይተዉታል።

አባቶቻችን ለመርዶ ሥርዓት የሠሩለት በከንቱ አይደለም። መርዶ ነጋሪው ይመረጣል፤ ሰዓቱ ይታሰባል፤ የሚያጽናኑ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች አስቀድመው ይሰበሰባሉ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ቃል ሰውን ሊጥል እንደሚችል ስለሚታወቅ ነው። የሟችን ሥዕል በስልክ የሚያስተላልፍ ሰው ሳያውቀው መርዶ ነጋሪ ሆኗል፤ ከጎኑ ግን ደጋፊ የለም።

፯. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላል የሀገራችን ብሂል። ስለዚህ የወንጀል ወሬ በሰማን ጊዜ ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ። ይህን ያየ ማን ነው? የሟች እናት ብትሰማው ምን ይሰማታል? እኔስ ከዚህ በኋላ ማድረግ የሚገባኝ ምንድን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። የጩኸት ድምፅ ስንሰማ «ሌሎች ሰምተዋል» ብለን እንዳንቀር፣ አንድን ሰው በስሙ ጠርተን «አንተ ለፖሊስ ደውል፣ አንቺ ጎረቤቱን ቀስቅሺ» ማለትን ልጆቻችንን እናስተምር። የተበታተነ ኃላፊነት የሚሰበሰበው በዚህ ነው።

በየቁምስናው ለሚደረግ ውይይት የሚከተሉት ጥያቄዎች ቀርበዋል፤

ሀ. ሠላሳ ስምንቱ ምስክሮች የተባለው ታሪክ ሳይመረመር ለብዙ ዓመታት የታመነው ስለምን ይመስላችኋል?

ለ. ቤተሰብ በግፍ የተገደለበትን ጎረቤት ስንጎበኝ ምን መጠየቅ፣ ምንስ አለመጠየቅ ይገባናል?

ሐ. በአካባቢያችሁ ሌሊት የእርዳታ ጩኸት ቢሰማ መጀመሪያ የሚነሣው ማን ነው? ወዴትስ ይደውላል? መልሱ የማይታወቅ ከሆነ ከመለያየታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ወስኑ።