ዕጢን ያለ ቀዶ ጥገና በኢንዶስኮፒ ማውጣት የሚቻለው መቼ ነው?



"ዶክተር፣ አባቴ አንጀቱ ላይ ዕጢ ተገኘበት። ሆዱ ሳይከፈት በኢንዶስኮፒ ብቻ ማውጣት አይቻልም?" እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በኢንቦክስ ይበዛብኛል። አጭሩ መልስ፦ አንዳንዱ ይቻላል። ከስፋቱ ይበልጥ የሚወስነው ግን ጥልቀቱ ነው።

የጨጓራና የአንጀትን ግድግዳ እንደ ቤት ግድግዳ አስቡት። ብልሽቱ ልስኑ ላይ ብቻ ከሆነ ልስኑን ፍቆ ማንሳት ይበቃል። ብሎኬቱ ውስጥ ከገባ ግን ላይ ላዩን መፋቅ ትርፉ ድካም ነው። ካንሰርም ላይኛው ስስ ሽፋን ላይ ብቻ እያለ ወደ ንፍፊት የመሠራጨት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው፤ ወደ ውስጥ በጠለቀ ቁጥር ይጨምራል። በኢንዶስኮፒ ደግሞ ዕጢው እንጂ ንፍፊቱ አይወጣም።

በኢንዶስኮፒ ሊወጡ የሚችሉት

👉 የትልቁ አንጀት ፖሊፕ፦ አብዛኛው ገና ካንሰር ያልሆነ ነው። በኮሎኖስኮፒ፣ በቀጭን ሽቦ ቀለበት ታንቆ ይቆረጣል። ሰፋ ያለ ከሆነ ከሥሩ ፈሳሽ ተወግቶ ከፍ ካለ በኋላ ይወጣል።

👉 የጨጓራ ካንሰር፦ ላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ያለ፣ ከ2 ሴ.ሜ ያልበለጠ፣ ቁስለት የሌለውና በናሙና ምርመራ ጠባዩ ኃይለኛ ያልሆነ።

👉 የምግብ ቧንቧ ካንሰር፦ እሱም ላይኛው ሽፋን ላይ እያለ ብቻ።

በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፤ ብዙዎቹ ሕመምተኞች የሚመጡት ግን ምግብ አልዋጥ ካላቸው በኋላ ነው። ያኔ ዕጢው አብዛኛውን ጊዜ ጠልቋል። ኢንዶስኮፒ የሚጠቅመውም ናሙና ለመውሰድና መተላለፊያውን በስቴንት ለመክፈት ነው።

ዕጢው ከወጣ በኋላስ?

"ወጣልኝ፣ ተገላገልኩ" ብሎ የፓቶሎጂ ውጤቱን ሳይወስድ የሚቀር ሰው አለ። እባካችሁ እንዳታደርጉት! የመጨረሻው ውሳኔ ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ሐኪማችሁን እነዚህን ጠይቁ፦

1. ጠርዙ ንጹሕ ነው?
2. ምን ያህል ጠልቋል?
3. የደም ወይም የሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ገብቷል?

አንዱ እንኳ ጥሩ ካልሆነ ቀዶ ጥገና ሊከተል ይችላል። ትልቅ ፖሊፕ ተቆራርጦ ከወጣ ደግሞ በ6 ወር አካባቢ ቦታው በድጋሚ ይታያል።

ጥንቃቄ

ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ከወጣ በኋላ ደም ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ወይም ትኩሳት ካለ ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። መድማት እስከ 2 ሳምንት ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል።

ሰገራ ላይ ደም ሲታይ "ኪንታሮት ነው" ብላችሁ ሳትመረመሩ አትለፉት። ዕጢ ያለ ቢላ የሚወጣው ልስኑ ላይ እያለ ነው።

ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉለት።