ርስትና እኛ

ከመካከላችን ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ነን። ክረምት ገብቶ አገር ቤት ስንመለስ ቀድሞ የሚነሣው ወሬ የመሬት ነው። ስለዚህ ነገሩን ጥቂት ብንመረምረው አይከፋም።

በጎጃምና በጎንደር የነበረው ርስት ከዋና አባት የሚወርድ፣ በአባትም በእናትም በኩል የሚቆጠር መብት ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ባለርስት ቢሰደድም ቢደኸይም መመለሻ ነበረው። ይኸው መልካምነቱ መልሶ ጠንቅ ሆነ። ለአንዱ በሺህ ዓመት የማይጠፋ መብት፣ ለሌላው በሺህ ዓመት የማያርፍ ከሳሽ ነውና። ዘር የቆጠረ ሁሉ «ድርሻዬን» ሲል አራሹ ዛፍ ለመትከል እንኳ ያመነታል፤ በሬውም ለሙግት ይሸጣል። (በደቡብ የነበረው ጭሰኛ ግን የሚሟገትበት ርስት እንኳ አልነበረውም።)

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ ወሰነ፤ መሸጥ መለወጡንም ከለከለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ክልከላውን አጸና። ዛሬ በገበሬው እጅ ያለው የይዞታ ደብተር ነው።

የኛ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ሕጉ ይዞታን የሚሰጠው በግብርና ለሚተዳደር ሰው ነው፤ እኛ ደግሞ የምንጠብቀው ደመወዝ ነው። ወንድማችን የሚያርሳት ማሳ ብትከፈል ለእሱም ለእኛም አትበቃም። ይህን እያወቅን፣ መንደር በደረስን ቁጥር ድንበሩን በእግራችን ሳንለካ አንመለስም። ቡና ተፈልቶ ሳለ ወንድማችን ቀና ብሎ፣ «ትምህርትህን ስትጨርስ ድርሻህን ትጠይቃለህ ወይ?» ሲለን መልስ እናጣለን።