ስለ ሂሞፊሊያና ስለ ሕመምተኞች ኅብረት

አንድ ልጅ ሲገረዝ ወይም ጥርሱ ሲነቀል ደሙ አልቆም ብሎ ቢያድር፣ ጕልበቱም ሳይመታ እያበጠ ቢያነክስ፣ ብዙ ሰው ነገሩን ከቡዳ ወይም ከርግማን ይቈጥረዋል። ነገር ግን ይህ የሂሞፊሊያ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሂሞፊሊያ ማለት ደምን የሚያረጋው ንጥረ ነገር ከትውልድ ሲጐድል የሚመጣ ሕመም ነው። ፋክተር 8 የጐደለ እንደ ሆነ ሂሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር 9 የጐደለ እንደ ሆነ ሂሞፊሊያ ቢ ይባላል። የጕድለቱ ምንጭ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። በሥነ ሕይወት ትምህርት እንደ ተማርነው፣ ወንድ ልጅ ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ተሸካሚ ብትሆን እያንዳንዱ ወንድ ልጅዋ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው። ይህ ግን እናትን ለመውቀስ ምክንያት አይሆንም፤ ከሕመምተኞቹ ሲሶ ያህሉ ከእነርሱ በፊት በቤተ ሰባቸው የታመመ ሰው አልነበረምና።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ሂሞፊሊያ ኤ ከ5,000 ወንዶች አንዱን ያህል ይይዛል። 1,000 ወንዶች ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት አንድም ላይገኝ ይችላል፤ በ500,000 ወንዶች መካከል ግን 100 ያህል ይኖራሉ። በአንድ መንደር ብቻውን ያለ ልጅ ለሐኪሙ እንግዳ፣ ለተመራማሪው ስውር፣ ለመድኃኒት ፋብሪካም ከቍጥር የማይገባ ነው። መቶው በአንድ መዝገብ ሲሰፍሩ ግን ሐኪሙ ልምድ ያገኛል፤ ተመራማሪው ያጠናል፤ ፋብሪካውም የሚፈለገውን የመድኃኒት መጠን ያውቃል።

ይህን የተረዳው ፍራንክ ሽናብል፣ ራሱ የሂሞፊሊያ ሕመምተኛ የነበረ የሞንትሪያል ነጋዴ፣ በ1955 ዓ.ም. (1963 እ.ኤ.አ.) የዓለም ሂሞፊሊያ ፌዴሬሽንን መሠረተ። ፌዴሬሽኑ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋብሪካዎች የሚለግሱትን መድኃኒት ለተቸገሩ አገሮች ያከፋፍላል። በ2014 እ.ኤ.አ. ባዮጅንና ሶቢ የተባሉ ኩባንያዎች በ10 ዓመት ውስጥ እስከ 1 ቢሊዮን ዩኒት ለርዳታ ለመስጠት ቃል ገብተዋል። በአገራችንም የኢትዮጵያ ሂሞፊሊያ ማኅበር ተቋቁሟል፤ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሕክምናው ይሰጣል።

ከቦንጋ በጅማ በኩል አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ከደጃችን ነው፤ ይኸውም በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ወይም በገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል የልጁን ታሪክ ሳይሸሽጉ ተናግሮ ወደሚመረመርበት ማስላክ ነው። እስኪመረመር ድረስ ልጁ አይገረዝ፤ ጥርሱ አይነቀል፤ ጡንቻው ላይ መርፌ አይወጋ፤ አስፒሪንም አይስጡት።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ያልተመዘገበ ልጅ ፋክተሩ አይደርሰውም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጓደኛ ወይም ወንድም ያለን ሁሉ ዝም አንበል።